ምራቂ

ከቀፊራው ቅስት ሥር፣ ገና በማለዳ፣
መጣ ያ ፈረንጅ፣ የባቡሩ እንግዳ።
ጎንበስ ብሎ በዝምታ ማንጎውን ለቀመ፣
ሚዛኑንም ራሱ ይዞ አስተካክሎ ቆመ።

«አንሳ እጅህን አቦ!» አለችው ከልቱማ፣
«ምን ልሠራ ተጎለትኩ ከጧት እስከ ጨለማ?»

ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣
«እኛ አገር ሻጭ የለም፤ ማሽኑ ነው ዳኛ።
ዋጋው ተለጥፏል፣ ማንም አይጨቃጨቅ፤ አንቺ ግን…
ትናንት አርባ ያልሽው ዛሬ ለምን ስድሳ?»
«ትናንት ሰላም አልከኝ፤ ዛሬ አፍህ ረሳ።»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ።
«ማሽኑስ» አለችው፣ «እሱ አያናድድም?»
አሰበ።
«ይጮኻል። ‹ከረጢትህ ውስጥ
የማላውቀው ዕቃ አለ› ይላል፤
ቀይ መብራት ይበራል፤
ሰልፈኛው ሁሉ በዐይኑ ሌባ ያደርገኛል።»

ከልቱማ ዝም። ፌስታሉን ቋጥራ ሰጠችው።

ለገሃሬ ሲደርስ ከባጃጁ ወርዶ
ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
በዚያ ሐሩር መንገድ ተመልሶ ነጉዶ
«የከፈልኩት ለአምስት ነው፤ ይኸው ስድስተኛ»
አላት፣ ፍሬዋን ዘርግቶ፣
ፊቱ እንደዚያ መብራት ቀልቶ።

«ምራቂ ነው» አለች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣
«ማሽንህ አያውቀውም።
ነገ ግን ሰላም በል።»