አመድ አፋሽ

ሌላው ካባ ደርቦ በአደባባይ ከበረ፤
አባቴ ኤልማር ካባ ወርዶ ኖራ ሲፈልጥ ኖረ፣
በኢስቶኒያ ጠረፍ፣ ባልቲክ ገደሉን በሚልስበት፣
የካቲት ላይ መዶሻ የጨበጠ መዳፍ ቆዳውን በሚጥልበት።

በነጩ ድንጋይ መሐል አንዲት ስስ ንጣፍ አለች፣
ግራጫ፣ ጣት የማትሞላ፣ ውሃ ሲነካት የምታሟልጭ።
ሠራተኞቹ «ሳሙና» ይሏታል።
አለቃው ቶይቮ ይረግማታል፤
ስንት ጥርብ ድንጋይ በእሷ ላይ ተንሸራቶ ተሰበረ!
አባቴ ግን ቆንጥሮ በፊት ጥርሱ አላመጠ፣
ምራቁን ተፋና፣
«ሳሙናዋ ሁለት ናት» አለ፤
«የላይኛዋ ቅቤ፣ የታችኛዋ ግን መልሳ ትነክሳለች።»
ሳቁበት። እጁ አመድ አፋሽ ሆነ፤
የሚያፍሰው እውነትም አመድ እንደሆነ
ማን ነግሮት?

እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ አርባ ዓመት ዘግይቼ ደረስኩ።
ከካባው አንዷን፣ ከሩቅ ጉድጓድ ሌላዋን አነሳሁ፣
መልካቸውን አየሁና «አንድ እሳት» ብዬ ጻፍኩ።

ተራራው የለም። የቆመበት ባሕር ተዘግቶ አልቋል።
እንደ ብርጭቆ ስባሪ የዘነበው አመድ ውሃ ውስጥ ከርሞ ሸክላ ሆኗል፤
ሶዲየሙ ከድቷል፣ ካልሲየሙ ተከትሎታል፣
ፖታሲየም ኋላ መጥቶ «ቤቴ ነው» ብሏል።
የቤቱን ነገር ከመጤ፣ ከኮብላይ ማን ይጠይቃል?

የሄዱትን ትቼ የቀሩትን ጠየቅሁ፦
ታይታኒየምን፣ ዚርኮኒየምን፣ ኒዮቢየምን፣
ውሃ አራት መቶ ሚሊዮን ዓመት ለምኗቸው
እምቢ ያሉትን።

ሸክላውን ፈጨሁ፣ እንደ ኪኒን ጨመቅሁ፣
ለኤክስሬዩ አጉርሼ ቆሜ ጠበቅሁ።
ቁጥሩ ሲመጣ አላመንኩም። ደገምኩት። ሠለስኩት።
የአንደኛዋ ዚርኮኒየም በታይታኒየም ሲመዘን
የሌላዋን እጥፍ ሆነ።
በማጉያው ሥር ደግሞ፣ ከታችኛዋ ውስጥ፣
ሹል የፌልድስፓር ስባሪ፣
ገና ያልዶለዶመ።
ሁለት እሳት።
ሁለት ተራራ ይሁን፣ ወይ አንድ ተራራ በሁለት ቁጣ፣
እሱን አላውቅም።

«አንድ» ያልኩትን ሰረዝኩ።
በሠንጠረዡ ግርጌ፣ «መጀመሪያ የለየው» በሚለው አንጻር
ስሙን ጻፍኩ፤
«ዘዴ» በሚለው አንጻር፦ ጥርስ።

ማታ ስልክ ደወልኩ። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ይከብዳል።
«አባዬ፣ ሳሙናዋ ሁለት ናት!»
ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ከኋላው ራዲዮ።
«ማን አላት?»
«ማሽኑ።»
«ጥርስ አለው እንዴ?» አለኝ።