ወቅት የሌለው ማንጎ

በጥር ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣
አፍ ያለው ሁሉ ይተናል፣ ጢስ መሳይ፤
የጋሪው ፈረስ፣ ዳቦ ሻጭዋ፣ ዘበኛው፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ተረኛው፣
ነጭ እስትንፋሱን በነፃ ይበትናል፤
ፀሐይ ሞቅ ስትል ሁሉም ይበናል።

እኔ አሠልጣኝ ነኝ። ሰዓት ነው ሥራዬ፤
ባንገቴ ፊሽካዬ፣ በእጄ መቁጠሪያዬ።
በአንኮበር መንገድ፣ አመዳዩ ሳይለቅ፣
ልጆች አስሮጣለሁ፣ ጀንበር ሳትፈነጥቅ።
ኮቴ ስሰማ አውቃለሁ ማን እንደመጣ፣
ማን ራት እንዳጣ፣ ማን እንቅልፍ እንዳጣ።

ማሙሸት ሲያልፍ ግን፣ ልጁ ከመሐል ሜዳ፣
ጫማው የእህቱ ዕቁብ፣ ገና ያልወጣ ዕዳ፣
ከትንፋሹ ኋላ የሚቀር አንድ ነገር
ማንጎ ማንጎ አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ቁር።

ማንጎ እኮ እዚህ አይበቅልም፤ ብርዱ መች ሊፈቅድ!
ከሸዋ ሮቢት ነው፣ ባይሱዙ የሚወጣው፣ በጣርማ በር መንገድ፣
ወቅቱን ጠብቆ፣ በሣጥን ተጭኖ፤
ያንተ ማንጎ ግና፣ ጥር ነሐሴ ሳይል፣ ከየት መጣ በኖ?

ፍራሹ ሥር አገኘሁት። ፍላሽ መስሎኛል፤
ሲነኩት ሰማያዊ መብራት ያበራል።
«አሠልጣኝ፣ ሲጋራ እኮ አይደለም፤ ቬፕ ነው፣ እንፋሎት፤
እሳት የለው፣ አመድ የለው፣ ውኃ ነው ያፈሉት።»

«እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ይላል ያገሬ ሰው፤
እሳቱ የት ገባ ታዲያ? ማን ዋጠው? ማን ጎረሰው?

ሲስተር ይርገዱ ዘንድ ወሰድኩት፤ ቃሏ አጭር፣ ጣቷ ቀዝቃዛ፤
የእጁን ሥር ይዛ ቆጠረች። ቀና ብላ አየችኝ፤ «በዛ።
ተቀምጦ ነው ይሄ!»
ወደሱ ዞረች። «ኒኮቲን ልብህን ይጋልባታል፣ ቆመህ፣ ሳትሮጥ፤
ውኃ አይደለም፤ ኬሚካል አለው፣ የብረት ብናኝ አለው፣ ከጋለው ሽቦ የሚያመልጥ።
ጣዕሙ ለምላስ ይሁን፤ ለሳንባ ግን ማን ፈቀደው?
ማንጎ በጉሮሮ ይወርዳል እንጂ በአየር ቧንቧ ማን ሰደደው?
ያንተ ዕድሜ አንጎል ገና እርጥብ ጭቃ ነው፤ የያዘውን ቅርፅ አይለቅም፤
ሱስ እንደ ማኅተም ያርፍበታል፤ ልግባ ብሎ አይጠይቅም።»

«ሌላስ?» አልኳት።
«ሌላውን ገና እያጠኑት ነው፤ አልታወቀም መጨረሻው።
እኔ ሳንባዬን ለሙከራ አላበድርም፤ የት ይገኛል መተኪያው?»

ዕቃውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ያለቀ መስሎኝ ነበር።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ማሙሸት፣ ያለ ጋቢ፣ ያለ ካልሲ፣ ሲንቀጠቀጥ ከበር።
«አንዴ ብቻ» አለኝ። «አንዴ ስቤ ልመልሰው።»
ዳገት እንደ ሜዳ የሚበላ ልጅ፣
ጣት የማታክል ፕላስቲክ እንዲህ ስታስለቅሰው!

ቁልፉ ኪሴ ነበር። እጄም ወደ ኪሴ ሄደ፤ አልዋሽም።
እኔም ሲጋራ አጭሼ አውቃለሁ፤ ያንን ዓይን አልረሳውም።
ጋቢዬን ደረብኩለት። «ና» አልኩት። ወጣን።

በሬሳ ድልድይ ድረስ፣ ከዚያ ወዲያ ድረስ፤
ይራገማል፣ ይቅርታ ይላል፣ ደግሞ ይራገማል፤ ውሻ ብቻ ሲላቀስ።
ላዳክመው አይደለም፤ ሩጫም አይደለም፤
እንዲያው እግር ለእግር፣ ሌሊቱ እስኪደክም።

ጎህ ሲቀድ ቆምን። ሁለታችንም ነጭ እንተናለን።
ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ የእንቅልፍ ማጣት ሽታ፣ የብርድ፣
ማንጎ ግን የለም። ለዛሬ የለም።

በሳምንቱ ሰዓት ያዝኩለት፤ ከድሮው አራት ሰከንድ ዘግይቷል፤
በእርሳስ ጻፍኩት፣ እንዲጠፋ፤ እሱም አይቶኝ ስቋል።
ሌሎቹን አላውቅም፤ ሱቁ ዛሬም ከቻርጀር ሥር ይሸጣል፤
ሌላ ልጅ፣ ሌላ ፍሬ፣ በሌላ ትንፋሽ ይመጣል።

ማታ ማታ እንቅልፌ ሳስቷል፤ ኮቴ አዳምጣለሁ፣ አልተኛም፤
መሳቢያው እንደተቆለፈ ነው። በሬን ግን አልቆልፍም።