ሞራ

ኖጋ፣ መሰላሉን ያዢልኝ፤ ሁለተኛው እርከን ይነቀነቃል፤
ሻራቩ ሰሞኑን ነፍሶ፣ ጥርሴ መሃል አሸዋ ይንቋቋል።
ዛሬ ነው የምንዘጋው። ነርሷ በስልክ ቁርጡን ነግራኛለች፤
"ለዓይንህ ወረፋ አለህ፣ ቤርሼቫ፣ ፋሲካን ተሻግሮ" ብላለች።
እስከዚያ እኔ ከአክስትሽ ዘንድ፣ ቂርያት ጋት እሰነብታለሁ፤
ይሄን ሰገነት፣ ይሄን መነጽር፣ ይሄን የየሩሃም ሰማይ
ላንቺ ነው የምተወው፤ ቁልፉን በክር አስሬልሻለሁ።

እንግዲህ ስሚኝ።

ከሁሉ በፊት ባትሪውን አውጪ፤ ያለቀሰ ባትሪ ቤቱን ይበላል፤
እንደ ቂም ነው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ናሱ ላይ አረንጓዴ ያበቅላል።
ሚዛን ብረቶቹን አውርጂ፤ ማርሹን አላልተሽ ተዪው፤
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ጋራዥ ያየሁት ይሄንኑ ነው፤
የሚሮጥ ሞተር አይደለም ቶሎ የሚያረጅ፣ የቆመው።

ናይሎን አታልብሺው። ሰው ሁሉ የሚሳሳት እዚህ ላይ ነው፤
ናይሎን ውስጥ ያልበዋል፤ የኔጌቭ ጤዛ ሌባ ነው፣
ቀን የለም፣ ሌሊት ብረቱን አርሶ ይሄዳል።
አሮጌ አንሶላ ይበቃዋል፣ ጥጥ የሆነ፣ ትንፋሽ የሚያሳልፍ፤
ከላዩ ሸራውን ደርቢ፣ እሰሪው፣ ነፋስ እንዳያርገፈግፍ።

እነዚህን ከረጢቶች ከቤርሼቫ ነው ያመጣኋቸው፤
"አይበላም" ይላል ላያቸው።
ሲጠማቸው ሰማያዊ፣ ሲጠግቡ ሮዝ ይሆናሉ፤
ያኔ ምድጃ ውስጥ አስገቢያቸው፤ ደርቀው እንደገና ይጠማሉ።

ናፍታሊን ግን እንዳታስጠጊ! አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣
አንድ ክረምት በተነችበት፣ "ብል ይፈራዋል" አለችና፤
ሽታው እንደ ቅባት ሌንሱ ፊት አረፈ።
ሦስት ቀን ተኳረፍን።
ባለፈው ካፖርቷን ስከፍት ያው ሽታ ወጣ፤
ቆሜ ቀረሁ።

ለአይጥ ቀዳዳውን ሁሉ በሽቦ ወንፊት ድፈኚ።
እንሽላሊቷን ተያት፤ ትንኝ ትለቅማለች፤
ኪራይ ባትከፍልም ዘበኛ ነች።

አሁን ባትሪሽን አብሪ። ይሄን ጭረት አየሽው? እዚህ፣ ከዳሩ?
የኔ እጅ ነው።
ሁለት ዓመት ሙሉ ጨረቃ ስትደበዝዝ፣ ቀለበቱ ጉም ሲለብስ፣
ይሄን ምስኪን ሌንስ ነበር በየሌሊቱ የምከስስ።
"ሻግቷል!" አልኩ፤ በሸሚዜ ጫፍ፣ በአልኮል፣ በጥጥ አሸሁት፤
የሸጠልኝን ቪታሊን ሃይፋ ድረስ ደውዬ ሰደብኩት።
ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "ገንዘብህን ልመልስልህ?" አለ።
ከዚህ በላይ ምን ስድብ አለ?

ሐኪሙ በመብራት ዓይኔን አየና አንድ ቃል በዕብራይስጥ ጣለ፤
ቃሉ አላስደነገጠኝም፤ በጎኔ አለፈ።
አስተርጓሚዋ ልጅ ግን ቀስ ብላ ባማርኛ፣
"የሞራ ግርዶሽ ነው አባባ" ብትለኝ፣
ሳቅ አመለጠኝ።
ግርዶሽ! ለኔ! ስንቱን ግርዶሽ እዚህ ጣራ ላይ የጠበቅሁ፣
ሰዓቱን በደቂቃ የማውቅ፣ ጎረቤት የቀሰቀስሁ፣
የራሴው ሲገባ አላወቅሁ።

ጨረቃስ ከፀሐይ ፊት ትቆምና ትሄዳለች፤
ሞራ ግን ካልነሡት ቤተኛ ነው።
ሌንሱ ንጹሕ ነበር፤ እኔ ነኝ የቧጠጥኩት።
ነገ ለቪታሊ እደውላለሁ። ምን እንደምል ገና አላገኘሁም።

ከመክደንሽ በፊት አንዴ ጎንበስ በይና እዪልኝ።
ስምሽን ከአጥቢያ ኮከብ አውጥተን፣ ይሄን ብትከለክዪኝ!
ወደ ደቡብ፣ ከውሃ ታንከሩ በላይ፤ ብዙም አትቸኩዪ፤
ጉም አለ?

"ምንም የለም፣ ሳባ። ቀለበቱ እንደ ምላጭ ነው።"

ጭረቱስ?

"ፈለግሁት፤ አጣሁት።"

ደግመሽ እዪ።

"አጣሁት አልኩህ።"

እንግዲያው ክደኚው። ቀስ ብለሽ፤ ክዳኑ ላላ ብሏል፤
መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ጠቅ ሲል ተዪው።