የቆጣሪው ስልሳ ሺህ

ይበልጣል ደላላው ሚኒባስ አምጥቶ፣
ማርቆስ መናኸሪያ ከጥላ አስጠግቶ፣
«ስልሳ ሺህ ብቻ ነው የሄደችው» አለኝ፣
ጨርቁን ከቆጣሪው ገልጦ እያሳየኝ።

ቁጥሩስ ንጹህ ነበር፣ እንደ ታጠበ ጥርስ፤
ጎንበስ ብዬ ግና ፔዳሉን ስዳብስ፣
ላስቲኩ ተበልቶ ብረቱ አግጥጧል፣
የሾፌር ወንበሩ በስተግራ ሰምጧል፣
የመሪው ቆዳ ላይ የስንት ሰው ላብ ደርቋል።
ይበልጣል የሚሉት እንዲህ ይቀንሳል?

ቁጥሩን ወደ ኋላ መመለስ አይከብድም፤
የተበላ ላስቲክ ግን መልሶ አይበቅልም።

እውነት ነው ብንልስ፣ ስልሳው ሺህ በየት ነው?
ቢቸና ሜዳ ነው? ዓባይ በረሃ ነው?
ደጀን ጎሃ ጽዮን ቁጥሩ አርባ ይላል፤
ፍሬን ግን ያን መንገድ በእሳት ይቆጥራል።

ዋጋ ቀንሶልኝ ውል ልንጽፍ ስንል፣
መታወቂያ አወጣሁ፤ «አርባ ሁለት» ይላል።
ይበልጣል አንብቦ፣ ሽበቴን አየና፣
«ያንተንስ ቆጣሪ ማን ፈታው?» አለና
ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ።
ልፈርም ስቀመጥ ጉልበቴ ሲጥ አለ፤
እሱም ያን ቁልቁለት ሲቆጥር የዋለ።