ወፍጮ ቤት ጋ ወራጅ

ከሌሊቱ ዘጠኝ። አዳማ ላይ ነፋስ እንደ ልማዱ ሲያገሳ፣
የጣሪያችንን ጠርዝ ሲጥል ሲያነሳ፣
ሶሬቲ ደወለችልኝ ከመድኃኒት መጋዘን፦
«ትእዛዝ አይገባም፤ ኧረ ምን አገኘን?»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ክላስተሩ ውስጥ ገባሁ፤
ከአንዱ ኮንቴነር ሆድ ሆኜ ተጣራሁ።
«መዝገብ!»
ዝም።
«መዝገብ!» አልኩ ደግሜ፣ ፊደሉን አጥብቄ።
ዝም።
በቁጥሩ ስጠራው፣ በአሥር ነጥብ ምናምኑ፣
«አቤት!» አለኝ ወዲያው፤ ጭራሽ አልተዘጋም ዓይኑ።

ቤቱ ቆሟል ማለት ነው። መብራቱም በርቷል።
ስሙን ሰምቶ ቤቱን የሚያሳይ ጠፍቷል።
ስም አዋቂውን፣ ያንን የክላስተሩን ሽማግሌ፣ ሄጄ አየሁት፤ ደኅና ነው።
ከጎኑ ቆሜ ስጠይቀው የሁሉን ቤት ይናገራል፤
ከኮንቴነሩ ሲላክ ግን ጥያቄው መንገድ ላይ ይቀራል።

ትናንት ከመናኸሪያ ባጃጅ ውስጥ አብረውኝ የገቡ
አንዲት የአሰላ እናት፣ ሁለት ፌስታል ያነገቡ፣
«ናዝሬት ከመጣሁ ቆየሁ፤ ወፍጮ ቤት ጋ አውርደኝ» አሉ።
ሾፌሩ ከተማውን አዳማ ነው የሚለው፤ ግን አልተጣሉ።
ወፍጮው ከፈረሰ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤
ዛሬ እዚያ ያለው የሞባይል ጥገና ነው።
ልጁ ድንጋዩ ሲያጓራ ሰምቶ አያውቅም፣
በጫማው ላይ ዱቄት አርፎ አያውቅም፤
መሪውን እጥፍ አደረገና ልክ ደጃፉ ላይ አቆመ።
ቤት የሌለው ስም እንዲህ ሰው ያደርሳል።
የኔ ስም ቤት አለው፤ በመንገድ ይፈርሳል።

አሥር ተኩል። ሶሬቲ ትደውላለች፤ አላነሳም።
«ኢንሱሊን የሚጠብቁ አሉ» ትላለች በመልእክት።
የፋየርዎሉን ሕግ ከላይ ወደ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፦
ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ ይከልከል፣
ከሚከተሉት በሮች በቀር።
በሮቹን ቆጠርኩ። ሃምሳ ሦስተኛው የለም።
ስም የሚጠየቅበት በር።

ማነው ይህ ጠንቃቃ? ማነው ይህ አጥር አጣሪ፣
የቤቱን ሰው ሁሉ ዲዳ አድርጎ አዳሪ?
ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ «ለደኅንነት» ይላል ማስታወሻው።
ከሥሩ ስም አለ።
የኔ ስም።
በዚያች ሌሊት ያለ ምንም ችግር የተገኘ
እሱ ብቻ ነበር።

አንዲት መስመር ጨመርኩ። ጠበቅሁ።
«መዝገብ!»
«አቤት!»
ትእዛዙ እንደ ታፈነ ውኃ ግር ብሎ ገባ፤
ሶሬቲ አላመሰገነችኝም። ልክ ነበረች።

ስወጣ ነግቷል። ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች
ነፋሱን ስሙን ሳይጠይቁ ይዞራሉ።
ባጃጅ አስቆምኩ።
«ወዴት ነው?»
«ወፍጮ ቤት» አልኩት።
የማን ወፍጮ ብሎ አልጠየቀኝም።