ተቀባዩ ለቋል

በፋልማውዝ ዳገት፣ ዝናብ በአግድም ሲመጣ፣
ቦርሳዬን አንግቤ ስወርድ ስወጣ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በር አንኳኳሁ፣
የማንንም ፖስታ ከፍቼ አላየሁ።
እጅ ግን ያውቃል፦ ውፍረቱን፣ ክብደቱን፣
የባንኩን ቁጣ፣ የሐዘን ካርዱን፣ የፍቅር ቅለቱን።

በዚያ ሐምሌ ግን ሌላ ፖስታ መጣ፣
ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ አዲስ ሸሚዝ ከካርቶን የወጣ፣
ከፓርቲው ለአባላቱ፣ «መሪ ምረጡ» የሚል፤
ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቆ ነበር፣ በመሃል።
ዳገቱ ላይ ካሉት ከመቶ አርባ በር
ፖስታው የደረሰው ስድስት ብቻ ነበር።
ዓሣ ሻጩ የለም። ነርሷ የለች። መምህሩ የለም።
እኔም ተሸክሜው፣ ለእኔ አልመጣም።
አገር የሚሾመውን ወረቀት በትከሻዬ አዝዬ
ከራሴ በር ፊት አለፍኩ፣ ዝም ብዬ።

ወይዘሮ ላቭዴይ ፔንሃሊገን፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣
ዐይኗ ከደከመ ሦስት ዓመት ያለፋት፣
በሩን ገርበብ አርጋ «ጆሪ፣ ና ግባ» አለች፤
የእርጥብ ጫማዬን ድምፅ ሰምታ ጋዜጣ አነጠፈች።
«ሁለት ስም አለበት፣ እስቲ አንብብልኝ።»
አነበብኩ። «ምልክቱንም አንተው አድርግልኝ፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መስመር ይስታል፤
የወደድከውን ምረጥ፣ ሁለቱም አንድ ሆነውብኛል።»

እስክሪብቶው ከበደኝ፣ እንደ መርከብ መልሕቅ።
በመስኮት ነርሷን አየኋት፣ ከሌሊት ሥራ መልስ ወደ ቤቷ ስትዘልቅ።
«አይሆንም» አልኩ፣ «የተዋሱት ድምፅ የራስ አይሆንም፤
አንድ ለእኔ ብሰርቅ፣ ለእሷ ማን ሊሰርቅላት? ማንም።»
ስም ጠራች። በጠራችው ላይ ምልክቷን አኖርኩ።
አሸግኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ።

ደፉ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ አላስቻለኝ፦
«የዛሬ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰልፌ ስመርጥ፣ ያኛው ነበር ቃል የገባልኝ።
ድምፄ ደብዳቤ ነበር፣ ስም ተጽፎበት፤
ሰውዬው ለቀቀ፣ ሌላ ገባ ቤት፣
ፖስታዬንም ከፈተ። የእኛ ደንብ እንዲህ አይልም፤
‹ተቀባዩ ለቋል› ተብሎ ለላኪው ይመለሳል እንጂ፣ ሌላ አይከፍተውም።»

ሳቀች። አርባ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት።
«ስም ነበረበት አልክ? አስታውስ ያቺን ወረቀት።
የፋልማውዝ እንደራሴ ስም ነው የነበረ፤
የጠቅላዩ ስም የታለ? የት ሰፈረ?
እኛ የጻፍነው ለቤቱ ነው፣ ለምክር ቤት፣
‹ለነዋሪው› ብለን። ነዋሪ ይለወጣል፤ አድራሻው ግን የጥንት።»

መልስ አጣሁ። ሕጉ በእሷ በኩል ነበር።
ግን አንዲት ነገር፣ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር፣
ቁልቁለቱን ሙሉ አብራኝ ወረደች፦
በሩን በቁልፍ መክፈት አንድ ነገር ነው፤
«ግባ» መባል ሌላ ነው።

በመስከረም፣ በፖስታ ቤቱ የመደርደሪያ ክፍል፣
አዲሱን ሰው በቴሌቪዥን አየነው፣ ጥቁሩ በር ፊት ቆሞ ፈገግ ሲል።
«አገሪቱ መረጠችኝ» አለ። ቆጠርኩ፣ በልቤ፣ አገሪቱን፦
ከመቶ አርባ በር ስድስቱን።
ክፉ ሰው አይመስልም። ምናልባት ደግ ይሆናል፤
የሐኪም ቤቱን ወረፋ ቢያሳጥር ማን ይጠላል?
ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ያለ አይባልም፤
ጠርተውታል፣ አውቃለሁ። የጠሩትን ፖስታቸውን ያደረስኩ እኔ አይደለሁም?

ዛሬ ጧት አንድ ደብዳቤ ነበረኝ፣ ለቁጥር ሠላሳ አንድ።
ባለ ስሙ በበጋ ለቋል፤ ያለው ባለ ውሻ ወጣት ወንድ።
በመስኮት እጁን ዘረጋ፣ «ለእኔ ነው?» አለኝ፣ በቅንነት።
አገላበጥኩት። ዝናቡ ስሙ ላይ ወድቆበት
ቀለሙ ፈሷል፤ የቤቱ ቁጥር ብቻ ነው የሚነበብ።
እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ውሻው ይጮኻል። እኔ ቆሜያለሁ፣ ሳስብ።