አስራ ሁለተኛው ድንጋይ

ጊታሩን ዛሬ ከሳጥኑ አላወጣሁት፤
የድምፅ ማጉያውንም ገመድ ከግድግዳው ነቀልሁት።
አርብ ማታ ነው፤ በርገን ዝናብ ላይ ናት፣
እንደ ትናንትናው፣ እንደ ነገውም ምናልባት።
ከሉተራኖቹ የተዋስነው ምድር ቤት
እርጥብ ጃኬት ይሸታል፣ እርጥብ ካልሲ፣ አሮጌ እንጨት።

አራት ጠረጴዛ።
በአንዱ ለብ ያለ ውሃ፣ በሰፊ ሳህን፤
በአንዱ ጨው፤
በአንዱ የአጃ ዳቦ፣ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ትኩሳቱ ያልወጣው፤
በአራተኛው ድንጋይ፣ አስራ ሁለት በቁጥር፣
ከዮርዳኖስ አይደለም፣ ከፊዮርዱ ዳር፤
ማክሰኞ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስወጣ
ሽርጤን አጥፌ፣ አንድ በአንድ መርጬ የለቀምኳቸው።

ሻማ አልተፈቀደም።
ኦድቫር፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ ጣሪያ ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ክብ አሳይቶኝ፣
«ይቺ ጭስ ከሸተታት የእሳት አደጋ መኪና ትጠራለች፤
ሂሳቡ የእናንተ ነው» አለኝ።
የባትሪ ሻማ ገዛሁ።
ነበልባሉ ፕላስቲክ፣ መርገብገቡ በልክ፤
አፈርኩ። በውሸት እሳት ፊት እንዴት ይንበረከኳል?
ልጆቹ ግን አላዩትም፤ የሚያዩት ስልክ።

ስልካቸውን በመባው ቅርጫት ሰበሰብኩ።
ከመባ ሁሉ የከበደ መባ!
ሶልያና ስታስቀምጥ
ጣቷ ከጣለችው በኋላ ትንሽ ቆየ።

«አሁን» አልኩ፣ «አምስት ደቂቃ ዝም እንበል።»
ፌበን ሳቀች። ሳቋ ይጋባል።
«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትላለች እናቴ፣»
አለ ናሆም፣ የኖርዌይ ዜማ በገባው አማርኛው፣
«እዚህ ደግሞ ዝንብ የለም።»
እኔም ሳቅሁ። ወረቀቴ ላይ ሳቅ አልተጻፈም፦
ሰባት ከዐሥር፣ ዝምታ።
ሰባት ከሩብ፣ ውሃ።
ሰባት ከሃያ አምስት፣ ጨው።
መንፈስ ቅዱስን እንደ ጥርስ ሐኪም በቀጠሮ።

ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣
ሳቁ እንደ ሳሙና አረፋ ሟሟና
ዝናቡ ተሰማ።
ሁሌም የነበረው፣ መስኮቱ ላይ፣ አሸንዳው ውስጥ፣
በከበሮ የምንሸፍነው፣
ሃሌ ሉያ ብለን የምንጮህበት፣
ይሄን ሁሉ ዓመት ደጅ የቆመ እንግዳ፣
ግባ ያልተባለ።

ተነሡ፣ አንድ በአንድ።
ፌበን ጨዉን ምላሷ ጫፍ አኖረችና
«እንባ እንባ ይላል» አለች፤ አልሳቀችም።
ዳቦውን የቆረሰ ሁሉ
አስቀድሞ አሸተተው፤
አሽትቱ ያልኩት ግን የለም።

ድንጋዮቹ አጠገብ በሁለት ቋንቋ ጽፌያለሁ፦
አንሡ። የከበዳችሁን አስቡ። ውሃው ውስጥ ተዉት።
ዱብ።
ዱብ።
ኢዮራም፣ ከመስከረም ወዲህ ቃል ያልወጣው
(አባቱ ትሮምሶ ሄዷል፤ ለሥራ ነው ይባላል፤ የሚጠይቅ የለም)፣
ድንጋዩን አነሣ፣
ጉንጩን አስደገፈበት፣
ቆየ፣
ውሃውን አየ፣
ኪሱ ከተተው።

አፌን ከፈትኩ። «ተዉት» ነዋ የሚለው ትእዛዙ።
መልሼ ዘጋሁት፤
ዝንብም አልገባ።

ስንወጣ ኦድቫር ቁልፉን እያንቃጨለ፣
«ዛሬ የቀራችሁ መስሎኝ ነበር» አለ።

ሌሊት፣ ፈረቃዬ ላይ፣
ከመተኮሻው የሚወጣው አንሶላ እጄን ሲያሞቀው ትዝ አለኝ፦
እኔ ድንጋይ አላነሣሁም።
ሰዓት ሳይ፣ ሳህን ሳስተካክል፣
የራሴን ሸክም ጠረጴዛ ለጠረጴዛ
ስዞርበት አመሸሁ።
ነጭ አንሶላ አጠፍኩ፤ ሌላ አጠፍኩ፤
ማሽኑ ጮኸ፤ እኔ ዝም አልኩ፤
ማንም ሳይመራኝ፣ ማንም ሰዓት ሳይዝልኝ።

ከዚያ ወዲህ በየአስራ አምስት ቀኑ አርብ
አስራ አንድ ድንጋይ እደረድራለሁ።
ፊዮርዱ ዳር ድንጋይ አይጠፋም፤ ወርጄ አንድ ማምጣት ምን ይከብደኛል?
ቦታውን ግን እንዲሁ እተወዋለሁ፣
ጨርቁ ላይ፣ አንድ ጭብጥ የምታህል ባዶ።

ትናንት በቀላል ባቡሩ አየሁት።
ወንበር ሞልቶ ቆሟል፤
ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ፣ አንድ ነገር ጨብጦ።
ስልክም ሊሆን ይችላል።
አልጠየቅሁትም።